ስለ ካራቫኑና ስላላልኩት «አፉ»

አባባ፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ዝናብ ሲጥል የሚነሳብዎት የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ እንዴት አደረገዎት? እማዬ የግፊት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውጣለች? ትንሽ ሲሻላት ለጎረቤት እንደምታከፋፍለው ስለማውቅ ጠበቅ አድርገው ይጠይቁልኝ። አስማና ልጆቿ፣ አጎቴ፣ የሱቁ ጎረቤቶች ሁሉም ሰላም ናቸው ወይ? በልጉ በእናንተ በኩል ጥሩ ዘንቧል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። በቀረው ነገር ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። እርስዎ ሲቆጡ እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ እሺ ያልኩ ይመስልዎታል። ስለዚህ በደብዳቤ ጽፌ፣ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ላምበረት ድረስ ሄጄ ሰጥቼዋለሁ። እባክዎ ሱቅ ውስጥ ሰው መሐል አይክፈቱት። ያለፈው እሁድ ያደረግሁትን እስካሁን ሰምተው ይሆናል። ከሰሙም ነገሩን ከሥሩ እስክነግርዎት ድረስ አይፍረዱብኝ።

ቦሌ መነጽር ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ሁልጊዜ የሚያቃጥለኝ ነገር ነበር። ልጆቹ ወደኛ የሚመጡት ዘግይተው ነው። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብሎ ከኋላ ያስቀመጠው ልጅ ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ አንድ ዓመት ደግሞ፣ ተገርፎ፣ ከዚያ በኋላ ነው እናቱ የምታመጣው። አብራኝ የተማረችው ሉላ «ልጆቹ ካልመጡ እኛ ለምን አንሄድላቸውም?» አለች። ቦሌ ላይ የራሳችንን ክፍል እንዳንከፍት ኪራዩን ስንጠይቅ ሕንፃውን የሚሸጡልን ነበር የመሰለን። ካራቫኑን ያየነው ያኔ ነው። ፎቶውን ልኬልዎት ነበር፤ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው፣ ፈረንጆች ለሽርሽር የሚሠሩት። ከሲኤምሲ ጀርባ በአብዱራሕማን መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ በአሮጌ አይሱዙዎች መሐል ነጭ ሆኖ ቆሟል። መስኮት አለው፣ እጅ መታጠቢያ አለው፣ ቁም ሳጥን አለው። ሉላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንዷ ለክታ «የፊደል ሰሌዳው እዚያ፣ ልጁ እዚህ» አለች። በቃ፣ እኔ በልቤ የዚያኑ ቀን ገዝቼዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ስደውልልዎት ያሉኝን ያስታውሱታል? «አብዱራሕማን? የአባቱን ቤት አውቀዋለሁ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ» አሉኝ። ይህን የማነሳው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ራሴ የአገሬ ልጅ ስለሆነ ልቤን ጥዬበት ነበር። ቢሆንም በማግስቱ «መካኒክ ይዤ ልምጣ» ስለው ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ ወይስ የባዳ? መካኒክ የሚያመጣ ሰውማ ሌላ ግቢ ሞልቷል» አለኝ። አፈርኩ። ባዳ ቢሆን ኖሮ አራት መካኒክ ይዤ እሄድ ነበር፤ ለአገር ልጅ ግን መካኒክ ማምጣት ስድብ ነው። እንዲህ ተብሎ ነው ያደግነው።

ካራቫኑን ሲያሳየን እሱ አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ «ሴት ትቅደም፣ በረካ ነው» አለ። «ንጹሕ ነው፣ ፈረንጅ የያዘው ዕቃ ነው፣ ወላሂ ለእህቴም ቢሆን እሰጣት ነበር» እያለ ከደጅ ሲምል፣ እኛ ውስጥ ሆነን አዲስ የተነጠፈውን የፕላስቲክ ምንጣፍ እያየን «እንዴት ያምራል» እንባባል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ሥራ ሠራን አባባ። ፒክአፕ እየተከራየን በአያት በኩል ትምህርት ቤቶች ግቢ እናቆመዋለን። ልጆች ተሰልፈው ሲገፋፉ፣ የመጀመሪያ መነጽሯን ያደረገች አንዲት ልጅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አይታ «ዛፉ ቅጠል በቅጠል ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ወጥቼ አልቅሻለሁ። ኪሳራ ቢሆን እንኳ ስለዚያች ልጅ እችለው ነበር። በልግ ሲገባ ግን ቤቱ መሽተት ጀመረ። እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። መስኮቱ እያስገባ ነው ብለን ዳር ዳሩን በማስቲሽ ደፈንን። ከኢድ በኋላ አንድ ጠዋት ሉላ መሣሪያውን ተሸክማ ወደ መሐል ስትራመድ ወለሉ ከሥሯ ከዳት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ወርዶ ከሥር ባለው ብረት ላይ ተሰበረ። ተሰልፈው የነበሩት ሕፃናት ጩኸቷን ሰሙ።

ሐኪም ቤት ካደረስኳት በኋላ ተመልሼ ምንጣፉን በቢላ ቀደድኩት። ከሥሩ ካርቶን አለ። ከካርቶኑ ሥር ስስ ጣውላ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ከጣውላው ሥር ያለው የድሮው ወለል ውኃ ውስጥ እንደቆየ ዳቦ በጣቴ ይፈርሳል። ከዚያም ሥር የተሸከመው ብረት ተሰብሮ፣ ተበይዶ፣ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። ይህ ሳያውቁ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ለክቶ የሠራው ነው።

ግቢው ስሄድ በር ላይ ያገኘሁት ዘበኛው ነው። የሉላን እግር ስነግረው ከልቡ ደነገጠ። «ውይ ዶክተር፣ መሐሉን ረገጣችሁት እንዴ? እኛ ክረምት ስናድርበት እኮ ዳር ዳሩን ነበር የምንሄደው» አለኝ። ይህን ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። አሁን እንዲህ አልኩ ብሎ አይመሰክርም፤ እንጀራው እዚያ ነው፣ አልፈርድበትም።

አብዱራሕማን ግን አልደነገጠም። ደላሎቹ ከበውት ተቀምጦ «የዓይን ሐኪም ነሽ አይደል እንዴ? ዓይን የምታክሚው አንቺ ያላየሽውን እኔ ከየት ልይልሽ?» አለኝ። ሳቁ ተንጫጫ። አንዱማ ወንበሩን ይዞ ነው የሳቀው። አባባ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያን ሰው አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። «ያላየሁትስ አንተን ነው» ብዬው ወጣሁ። በሳምንቱ ክስ መሠረትኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በከፊል ያውቁታል። የአብዱራሕማን የሐጅ ጉዞ ሲደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ገርጂ ያለችው ክፍሌ ድረስ መጡ። ወንበር ስለሌለኝ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ሰውዬውን አላህ ወደ ቤቱ ጠርቶታል። የሰው ቅሬታ ይዞ እንዳይሄድ ይቅር ብለሽ አፉ በይው፣ ክሱንም ተይው» አሉኝ። እኔም በጨዋ ደንብ መለስኩላቸው። ሐቄን ይመልስ፣ የሉላን እግር ያሳክም፣ አውቆ እንደሸጠልኝ በአፉ ይናገር፣ ከዚያ እኔ ራሴ ሻንጣውን ተሸክሜ ኤርፖርት እሸኘዋለሁ አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ሳቅ አለና «አፉ እኮ አንዲት ቃል ናት፣ ምን ትከብድሻለች?» አለኝ። አንዲት ቃል ከሆነች እሱስ ለምን እንዲህ ፈለጋት? ደግሞ ሉላ ዘንድ አንድም ሽማግሌ አልሄደም። እግሯ የተሰበረው እሷ ናት፤ የሷን አፉ ማንም አልጠየቃትም።

ከዚያ ስልኩን አውጥተው ለእርስዎ ደወሉ፣ ድምፁንም ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈቱት። እርስዎም እኔን አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ፣ እንዳለሁ እንኳ ሳያጣሩ «ፈቲያ አፉ ብላለች በሉት፣ እኔ አባቷ ብያለሁ» አሉ። ስልኩን ከሽማግሌው እጅ ነጥቄ የዘጋሁት እኔ ነኝ። መስመር ተቋርጦ ነው ብለውዎት ከሆነ ዋሽተዋል። ሽማግሌዎቹ ግን «አባት ካለማ አለቀ» ብለው ዱዓ አድርገው ወጡ። እኔ የገዛ ክፍሌ ውስጥ እንደሌለ ሰው ቆሜ ቀረሁ። ወለሉ ሉላን ሲከዳት ምን እንደተሰማት የገባኝ ያኔ ነው።

እሁድ ዕለት ሲኤምሲ አብዱራሕማን ቤት የሽኝት ዱዓ ነበር። ሉላ «ድግስ ቤት በአንድ እግሬ ሄጄ አላውቅም፣ ይልመድብኝ» ብላ በክራንቿ ተከተለችኝ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ የማናውቀው የአገር ሰው የለም። ከምሳ በኋላ አብዱራሕማን በነጭ ጀለቢያ ተነሳና ማይክ ያዘ። አለቀሰ፤ የእውነት ነው ያለቀሰው፣ ይህን አልክደውም። «አውቄም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ፣ በንግግርም በንግድም የበደልኳችሁ፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉኝ» አለ። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል!» አለ። ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል ተነስቼ «እኔ አላልኩም» አልኩ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ፈቲያ ነኝ፣ ካራቫኑን የሸጥክልኝ። አፉ አላልኩም። አባቴም ያለው የራሱን ነው እንጂ የኔን አይደለም።»

እንደ ፊልም ሰው ሁሉ የተነሳልኝ እንዳይመስልዎት። አንዷ ቀሚሴን ጎትታ «ተቀመጪ፣ ዱዓውን አታበላሺ» አለችኝ። ሌላዋ «መማር እንዲህ ካደረገስ ይቅርብን» ስትል ሰማሁ። እሱ ቶሎ ብሎ «ልጅ ናት፣ አላህ ያብርዳት» አለና ሰዉ «አሚን» አለ። በሺህ ጉሮሮ አሚን የተባለብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አንዲት አሮጊት ብቻ ወደ ሉላ ተጠግተው «እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» አሏት። ስትነግራቸው እጃቸው ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መልሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሌላ ያተረፍኩት የለም። እሱ በዚህ ሳምንት ይበራል። ቀጠሮው ግንቦት ውስጥ ነው፣ እሱ ስለማይኖር እንደሚራዘም ጠበቃዬ ነግራኛለች። ፋይሉን ግን አላነሳሁም፣ አላነሳምም።

አሁን እንደ ድሮው ቦሌ ተቀጥሬ መነጽር እሸጣለሁ። ካራቫኑ ላምበረት አካባቢ በተከራየነው ግቢ ዝናብ እየወረደበት ቆሟል፤ ባለቤቱም አንሱልኝ እያለ ነው። ሉላ ብረት ገብቶላታል፣ እንደ ድሮዋ ትሄድ እንደሆን ሐኪሙ አያረጋግጥም። መገናኛ ላይ የአገራችን ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። «ነይና ሱቁን ያዢ» ማለትዎን አስማ ነግራኛለች። አልመጣም አባባ። ተሸንፋ መጣች እንዳይባል አይደለም፤ ያ ወለል ሲፈርስ የሰሙት ሕፃናት እዚህ ስላሉ ነው። ወለሉ እንዴት እንደሚሠራ እየጠየቅሁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፣ እሱም በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ነው። ስልኩን ስለዘጋሁብዎት፣ እንደዚያ ባለ ንዴት አፌን ስለከፈትኩ አፉ ይበሉኝ። ይህን ከልቤ ነው የምጠይቅዎት። «አላልኩም» ስላልኩት ግን አፉ አልጠይቅም፣ ምክንያቱም ጥፋት አይደለም። እርስዎም በኔ አፍ ተናግረዋል። ስለሱ አንድ ቀን ከኔ አፉ የሚሹ ከሆነ ሽማግሌ አይላኩብኝ። እርስዎ ራስዎ ይደውሉና ይጠይቁኝ። ለእርስዎ ወዲያው እላለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ የእግሩን ነገር ስትሰማ እንዳትደነግጥ የኔ አለመሆኑን ቀድመው ይንገሯት። አስማን፣ ስለኔ ስትከራከር እርስዎን እንዳታስቆጣ ይንገሯት። ልጆቿን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ዓይኑን የሚያጨናብስ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይላኩልኝ። አጎቴን፣ አክስቴን፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ሉላም ባታውቅዎትም ሰላም ብላለች።

ልጅዎ ፈቲያ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 29 ቀን 2018 ዓ.ም.