ያ የማይረባ ፎቶ አንሺ

ለታናሽ እህቴ፦

ከነልጅሽ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባልሆንም መች ትጠይቂኛለሽ።

ቲያትር ቤቱ መብራት መቆጠብ ጀምሯል መሰለኝ፤ ፊት ወንበር ተቀምጬ እንኳ ተዋንያኑን የለየኋቸው በድምፃቸው ነው። ለልጅሽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምሰፋው ብርድ ልብስም ተጓቷል፤ የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም። ትናንትማ ከገዛ ቀሚሴ ጋር ሰፍቼው፣ ስነሣ ተከተለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ከጓሮዬ ቀጥፌ የሠራሁትን ጎመን ቀምሳ «ግማሹ አረም ነው» አለችኝ። አፏ አያርፍም፤ ከቤቴ አስወጣኋት።

የላክሽው የልጅሽ ፎቶ ደርሶኛል። ያ ፎቶ አንሺሽ የማይረባ ነው፤ ጉም አንሥቶ ነው የሰጠሽ።

ቂሜ እንዳለ ነው፤ ልጅሽን ግን ሳሚልኝ። ማንን እንደሚመስል በዝርዝር ጻፊልኝ፤ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው።

ታላቅሽ