የቀኙ ጫማ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ ከግራ እግሬ በቀር ደህና ነኝ።

በቀዶ ጥገና የገባው ብረት ስብራቱን ጥሩ አድርጎ ይዞታል ብለውኛል። ቁስሉ ብቻ አልደርቅ ብሎ አስቸግሯል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ትናንት ብቅ ብሎ፣ «አባባ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለኝ። «የጫማ ማስቲሽ ነዋ!» አልኩት። ማስቲሹን ትናንት ጭራሽ አልከፈትኩትም፤ እሱ ግን አመነኝ፣ ወይም ያመነ መሰለ። ሲሄድ ቤቱ ጭር አለብኝና ራዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ሐኪሙ፣ «ቁርጡን ሰኞ እነግርዎታለሁ» አለኝ። ዕድሜ ልኩን ቆዳ ሲቆርጥ የኖረ ጫማ ሰፊ በዚህ ቃል ካልሳቀ በምን ይስቃል? ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ያልኩሽን ቡናማ ጫማ ጨርሼልሻለሁ። ከተረፈው ቆዳ ለራሴም ጀመርኩ። ታውቂኛለሽ፣ ጥንዱን አብሬ ካልሰፋሁ እጄ አያርፍም ነበር። አሁን ግን ቀኙን ብቻ ጨርሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ለግራው ያሰብኩት ቆዳ ለአንቺ ትንሽ ቦርሳ ይወጣዋል። ምን ዓይነት ቁልፍ ላድርግበት?

በይ፣ ደህና ሁኚልኝ። በሩን ባየሁ ቁጥር የምትመጪ የሚመስለኝ፣

አባትሽ