ሁለት የቀኝ በሬዎች

ረቡዕ፣ ሰኔ ፲

አንዱ በሬዬ ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና እርሻ ወጣሁ። ጌታነህም ያለው አንድ በሬ ነው፤ ስለዚህ ተቀናጀን። ከአቀስታ በኩል የመጣ አዲስ ጎረቤቴ ነው። አብረን ሠርተን አናውቅም፤ በሬዎቹም አይተዋወቁም። ከነገ ወዲያ ለኔ ጁምዓ፣ ለሱ ሚካኤል ስለሆነ አናርስም። ነገ ካልጨረስን የገብሱ መዝሪያ ያልፍብናል።

የኔ በሬ ዳማ ዕድሜውን በሙሉ በቀንበሩ ቀኝ የኖረ ነው። የጌታነህ ዳልቻም እንደዚያው። ጌታነህ ዳማ ግራ ይቁም ሲለኝ አይሆንም አልኩ። አላህ ይዘንላትና ሚስቴ ፋጡማ ከጥጃነቱ በእጇ እያበላች ያሳደገችው ነው፤ ልማዱን ባስለውጠው እሷን የነካሁ መሰለኝ። ዳልቻን ግራ ብንጠምደው እየዞረ ትልሙን አበላሸው። እኔም እየሰደብኩ ጮህኩበት።

«ጋሽ ሰይድ፣ የሚሰድቡት በሬዬን ነው ወይስ እኔን?» አለኝ ጌታነህ።



ዙሁር ልሰግድ ስሄድ ጌታነህ በሬዎቹን ፈታቸው። ሰግጄ ስነሳ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሣር ይነጫሉ። ግራ የቆመው ዳማ ነው።

«እንግዲህ እንስሶቹ ተስማምተዋል፤ የቀረነው እኛ ነን» ብሎ ሳቀ።

እንደቆሙ ጠመድናቸው። መጀመሪያ ተጓተቱ፤ ከሦስተኛው ትልም በኋላ እኩል ሄዱ።

አልሐምዱሊላህ፣ ግማሹ ታርሷል። የጠዋቱን ጊዜ ያባከንኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለአላህ ነግሬዋለሁ፤ ለጌታነህ አልነገርኩትም። ነገ ቀንበሩን ተሸክሜ ቀድሜው እወርዳለሁ። ሲደርስ ምን እንደምለው እንጃ።