ለቅሶ ቤት የመጣው ወንበር

ልጄ፣ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። መርዶው የመጣ ቀን ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ ነበር። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ገቡ፤ አንዳቸውም ዓይኔን ሊያዩ አልደፈሩም። ወንድምሽ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ ብላ ዐረፈ።

እንደምታውቂው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያድሩትን ምስኪኖች በነጻ ይላጫቸው ነበር። የበጎ አድራጎት ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «እነሱን በነካ እጅህ እኔን አትንካኝ» ብለውት ደንበኝነታቸውን ከተዉ ቆይተዋል።

እኚሁ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጠው «የድሆች አባት አጣን» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እነዚያ ምስኪኖች ሊያስተዛዝኑኝ ገቡ። ሰብሳቢው አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ኧረ እነዚህን ውጭ አስቀምጧቸው፤ ሰው እህል እየቀመሰ ነው!» አሉ።

«ጋሼ፣ ወንበር ቢያንሰን ከልጄ ፀጉር ቤት ነው ያስመጣነው። እርስዎ የተቀመጡበት እነሱ ሲላጩበት የኖሩት ነው» አልኳቸው። እሳት እንደነካው ሰው ዘለው ተነሥተው ሱሪያቸውን ያራግፉ ጀመር። ከምስኪኖቹ አንዱ፣ አንካሳው ሽማግሌ፣ «አይዞዎት ጌታዬ፣ ቅማላችንን ልጁ ጨርሶታል» ቢሏቸው በሐዘኔ መሃል ሳቅኩ። ወንበሩን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

አሁን ደግሞ ሰብሳቢው የወንድምሽን ፎቶ በኮሚቴው ቢሮ እንስቀል ብለው ልከውብኛል። አንቺንም ቢጠይቁሽ እንዳትሰጪ፤ ያስጠሉኛል።

ልጄ፣ እህል ቅመሺ፤ ብቻሽን አታልቅሺ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ምስኪኖቹ በየማለዳው ይጸልዩለታል። እናንተም እዚያ ያላችሁ ሁሉ፣ የልጄን ነፍስ ይምርልኝ ዘንድ ጸልዩልኝ።

እናትሽ