ታንጉት ሳይነገራት ስለጣሰችው ሥርዓት

ወረታ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.
ዕድሜዬ ዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ከዐሥራ ሰባት ቀን

ለተከበሩ መምህር ሀይለየሱስ፣
የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ለጉሮሮዎ፣ ለዓይንዎ፣ በተለይም በትንሽ ነገር ለሚደነግጠው ልብዎ ጽኑ ጤና እንዲሰጥልኝ አምላከ ቅዱሳንን እለምናለሁ። ይህን በግልጽ የምጽፈው፣ በግል የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ምናልባት እጅዎ ሳይደርሱ ስለቀሩ ነው፤ ደርሰውዎት ዝም አሉ ብዬ እንዳስብ ግን አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

አንደኛ፣ ስለ ሩዙ አመሰግናለሁ። ባለፈው ክረምት ከጤና ባለሙያዎች ዘንድ፣ ስለ ወጣቶች የገላ ለውጥና ስለ ኤድስ በሽታ የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ ስልሳ ቅጂ ሲመጣልዎ፣ እንደሌሎች ችኩሎች አልመለሱትም፤ አላቃጠሉትምም። የፎገራን ሩዝ አስቀቅለው፣ በወፈረው ሙቅ ከዐሥረኛው እስከ ዐሥራ አምስተኛው ገጽ ያለውን በየመጽሐፉ አጣብቀው ለልጆቹ አደሉ እንጂ። ሩዛችን እንጀራም ጠላም እንደሚሆን፣ ገለባውም ከብት እንደሚቀልብ አውቅ ነበር፤ ዕውቀትን ለመክደንም እንደሚበጅ ከእርስዎ ተማርኩ። ልጆቹም ከዘጠነኛው ገጽ እጅ መታጠብ ተነሥተው፣ በዐሥራ ስድስተኛው ገጽ ወዳለው ጥርስ መፋቅ፣ በመካከል ምንም ገላ ሳይገጥማቸው በሰላም ተሻገሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ መልስ አሰጣጥዎ። ምኞት የምትባለው፣ ለጋብቻ የታጨች የሃያ ዓመት ወጣት፣ በሽታው በምን በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ተነሥታ ብትጠይቅዎ፣ «ንጹሕ ልብ ያለው ሰው ዝርዝር አይጠይቅም» ብለው አስቀመጧት። ከዚያች ቀን ወዲህ ጓደኞቿ «ዝርዝር መጣች፤ ዝርዝር፣ እስቲ ወዲህ በይ!» እያሉ ይጠሯታል አሉ። ከዚህችው ከወረታ ባለፈው ዓመት ብቻ ስንት ጎልማሳ ቀብረን እንደተመለስን እርስዎም ፍትሐቱ ላይ ቆመው አይተዋል፤ ስለዚህ ለልጅቷ ቅጽል ስም ከማውጣት ያለፈ መልስ ቢኖርዎ ደስ ባለኝ ነበር።

ሦስተኛውን ጉዳይ በቁጥር ጀመርኩት እንጂ በቁጥር የሚያልቅ አይደለም። ታንጉት ደሳለው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሦስት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፤ ከእኔ ቤት ተጠግታ ትማራለች፤ ከመዘምራንዎም አንዷ ነበረች። በኅዳር ጽዮን ዕለት ቤተ መቅደስ ውስጥ ቆማ ስትዘምር የወር አበባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። ነጩን ልብሷን ደም ሲነካው ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ልምምድ ላይ ስለሳቀች እመቤታችን የቀጣቻት መሰላት። ቅጣቱ እንዳይጸናባት ሰግታም ከቦታዋ ሳትነቃነቅ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመረች። እርስዎ በሕዝብ ፊት የመዘምራኑን ልብስ አስወልቀው ሲሰድዷት፣ እየሮጠች መጥታ «የኔታ፣ የምሞተው ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአርባ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ወዲያው ለሕመሟ መድኃኒት ማዘዝዎንም አልረሳሁም፤ ሰባት ቀን ወንዛዬ ፍል ውኃ እንድትታጠብ። በአምስተኛው ቀን ደሙ ቆመ፤ ውኃውም ተመሰገነ። ታኅሣሥ ሃያ ግድም ያው ሕመም ሲመለስ፣ ክቡር ሆይ፣ ምን ሊያዙላት አስበዋል?

በተከታዩ እሑድ ደግሞ ስሟን ከነአባቷ ከወረቀት ላይ አነበቡ፤ «ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን የጣሰች» ብለው። ሥርዓቱን እኔም አከብረዋለሁ፤ እናቴ በእነዚያ ቀናት ከቅጥሩ ውጪ ቆማ ስታስቀድስ አይቼ አድጌአለሁ። ነገር ግን ለእናቴ አክስቷ ነግራታለች። በዚያ ዘመን የነበሩት የቅኔ መምህሬ፣ ዓይነ ስውሩ የኔታ ውባየሁ፣ ስለ ሴት ደምም ስለ ወንድ ዘርም ኦሪቱ እንደሚለው በስሙ እየጠሩ ሲያስተምሩን፣ አንዱ ደቀ መዝሙር ቢያፍር «እግዚአብሔር ለመፍጠር ያላፈረውን አንተ ለመስማት ታፍራለህ?» ይሉት ነበር። ደግሞም «ያልተነገረ ሕግ ወጥመድ ነው፤ ወጥመድ የአዳኝ እንጂ የእረኛ ዕቃ አይደለም» ይሉን ነበር። እርስዎ ታንጉትን የቀጡበት ሥርዓት የሚጠበቀው የወር አበባ ምን እንደሆነ ስትማር ነው፤ ያ ደግሞ በዐሥረኛው ገጽ ላይ ነበር። ገጹን ዘግተው ባለማንበቧ ቀጧት።

እናቷን ወይዘሮ አማከለችን ስለምን አልነገሯትም ብዬ ብቆጣ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ የኔታ፤ ልጄ መጽሐፍ ይዛ ስትገባ አይቼ፣ ከእኔ የተሻለ የሚነግራት አገኘች ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ለመቆጣት ድፍረት አጣሁ።

አባቷ ደሳለው ግን ልጅቱን ከትምህርቷ አስወጥቶ ለጥር ዐሥራ ስድስት ለሠርግ ቀን ቆርጦላታል። ውኃው ገና ያልሸሸውን ሜዳ በዱላዬ እየተደገፍኩ ተሻግሬ ብለምነው፣ «ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ ያዋረዳትን ልጅ ኋላ ማን ይወስድልኛል? ወሬው ይፋግ ገበያ ሳይደርስ ልዳራት እንጂ» አለኝ። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንደሚል ነገርኩት፤ እሱም ሰምቷል፤ በእኛ ሜዳ ግን ሕግ የሚደርሰው ድግሱ ከተበላ በኋላ ነው። አጥብቄ ብይዘው በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «መምህሩ ጥፋት የለባትም ብለው ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ የምመልሰው ቃል አገኛለሁ፤ ትማርልኝ።»

ስለዚህ ክቡርነትዎን የማስቸግረው ስለ አንዲት መስመር ነው፦ «ታንጉት ደሳለው ጥፋት የለባትም፤ አልነገርናትም።» ይህችን ጽፈው ማኅተም ያሳርፉባት፤ ስሟን ባነበቡበት ቦታና ድምፅም ያንብቧት። የመጨረሻዋ ቃል ከከበደችዎ ፊተኛይቱን ብቻ ይጻፉ፤ ኋለኛይቱን ሀገሩ ሁሉ ያውቃታል።

ላሳዩኝ ትዕግሥት አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ትውልድን ከዕውቀት ለመጠበቅ በሚያደርጉት ተጋድሎ ሁሉ ድካምዎን የሚያይ አምላክ ዋጋዎን ሳያጓድል እንዲከፍልዎ የምማጸን፣

ታናሽ አገልጋይዎ
አስማረ በላቸው

ማስታወሻ፦ ደሳለው ለሠርጉ መዘምራንዎን እንደጋበዘና እርስዎም በደስታ እንደተቀበሉ ሰምቻለሁ። በዕለቱ ከሴቶቹ ረድፍ አንድ ድምፅ ቢጎድልብዎ አይጨነቁ፤ ባለድምፅዋ ከፊት ለፊትዎ በሙሽራው አጠገብ ተቀምጣ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነውም እስካሁን የነገራት የለም። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ሳላሽግ ልኬልዎታለሁ።