በቱቦ የሚወርድ ጉርሻ

ይድረስ ዛሪማ ላለሽው እህቴ ለአስናቀች። የቁስቋሟ እመቤት ቤትሽን ትጠብቅልኝ፤ እኔ ደኅና ነኝ።

ልጄ ባምላክ ሆዱን ኦፕራሲዮን በሆነ ማግስት በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ምግብ ጀመሩለት። ቶሎ ካልተመገበ ቁስሉ አይሽርም አሉ። ነርሷ አመጋገቡን ያሳየችው ለእኔ ለእናቱ ሳይሆን ለሚስቱ ለዳግማዊት ነው። በሲሪንጅ ቀስ አድርጋ ስታወርድለት ዓይኑን ከሷ አይነቅልም፤ ያጠባሁት እኔ እንደ ጠያቂ ዳር ቆሜ አያለሁ።

ትናንት «እማማ፣ ዛሬስ እርስዎ ያጉርሱት» ብላ ሲሪንጁን ዘረጋችልኝ። ባምላክም «ጉርሻሽ ናፈቀኝ፣ እማ» አለ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ «ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አልኋት። እሷው መገበችው። እጇ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም፤ አይ መታደል!

አባቱ ኦፕራሲዮን ሆኖ የሞተ ጊዜ ሐኪም ሳይፈቅድ የመጨረሻውን ጉርሻ ያጎረሰው የማን እጅ እንደነበረ ለዳግማዊት አጫውተሻት እንደሆነ ጻፊልኝ።

ለቤተሰብሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሽ።

እህትሽ አበቡ