የእብድ ጠያቂዎች

ሰርቦ፣ ኅዳር 1982 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፤ አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺም ባልሽም ልጆችሽም እንዴት ናችሁ? የድሬዳዋ ሙቀት አልበረደላችሁም? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እንደ ልማዴም እቆጣለሁ። ቡናው ዘንድሮ ደህና ይዟል፤ ለቀማ ጀምረናል።

ሾፌሩ ከሊል ብቻውን ሲመጣ ስታዪ አትደንግጪ። ወንድማችን ቲጃኒ በሕይወት አለ። አልያዙትም። እዚሁ ቤታችን፣ ከእኔ ጋር ነው። መኪናው ላይ ያልጫንኩት አደራሽን አቃልዬ አይደለም፤ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ እንደ ፈለግሽ ስደቢኝ። እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ ቤት አይላክምና በከሊል ኪስ ነው የሚደርስሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ወንድማችን በክረምት ከግንባር ጠፍቶ ሲመጣ በቃል የላክሁልሽን ታስታውሻለሽ። አዲሱን መንደር ግን አላየሽውም። ቤታችንን አፍርሰው በገመድ እየለኩ ካሰፈሩን ወዲህ ጎረቤት ሲያስል ያሳለው እኛ ቤት ያለ ይመስላል። ሰው ቀርቶ ዶሮ መደበቂያ የለም። የተደበቀ ሰው ይፈለጋል፣ እብድ ግን ማንም አይፈልገውም ብለሽ የመከርሽን አንቺው ነሽ፤ ሦስታችንም ተስማማንበት። በገበያ ቀን ጫማውን ጥሎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ፊት ለፊት እየጮኸ አለፈ። ሴቱ ልጁን እየሰበሰበ ሸሸ። ሊቀመንበሩ ሙሐመድሳኒ ራሱ ወደ በሩ እያፈገፈገ፣ ወስደሽ እሰሪው፣ ከጦሩ የተሰናበተበትን ወረቀት ሲሻለው ያሳየናል አለኝ። ወረቀት እንደሌለው እኔና አንቺ እናውቃለን። እብድ እስከ ሆነ ድረስ የሚጠይቀው አይኖርም፤ የተሻለው ቀን ግን እንደ ጦር ከዳተኛ ይወስዱታል።

በአባባ በቅሎ ሰንሰለት ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። ቁልፉን የሚይዘው ራሱ ነበር፤ ምንጣፉ ስር ያስቀምጠዋል። በሩን ስዘጋ ይፈታና ይንጠራራል፣ ከዚያ ሊቀመንበሩ እንዴት እንደ ሸሸ እያስመሰለ በሳቅ ይገድለኛል። ሰው በደጃችን ማለፍ ትቶ በጓሮ ይዞር ነበር። ጂኑ እንዳይጋባባቸው ነዋ። እንደዚያ ያለ ሰላም ኖሮን አያውቅም። እህቴ መንገዱን እስክታበጅልኝ ድረስ እዚህ ተኝቼ እቀለባለሁ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ትምህርት መጣ።

የጤና ሰዎች ከጂማ እየወጡ በየገበሬ ማኅበሩ ያስተምራሉ ተባለ። እንደ መሠረተ ትምህርቱ ሁሉ መቅረት ያስቀጣል። እኛ ስለ ወባ ወይም ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ መስሎን ነበር። የመጣችው ሲስተር ብርሃንነሽ የምትባል ነርስ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሣ፣ አዲስ አበባ ሄዳ የአእምሮ ሕመም ተምራ የተመለሰች። ሐሙስ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ትቆማለች፤ እሷ በአማርኛ ስትናገር አንድ አስተማሪ በኦሮምኛ ይመልሰዋል። አእምሮው የታወከ ሰው ታማሚ ነው አለች፣ ወባ እንደ ያዘው፣ ሳምባውን እንደሚያመው ሰው። ጂን ነው ብላችሁ አትሽሹት። አትሰሩት፣ አትምቱት። የሚናገረው እውነት ባይመስላችሁም አትከራከሩት፣ ስሙት። ብቻውን አታስቀምጡት፣ ለእጁ የምትሆን ትንሽ ሥራ ስጡት አለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሻሼን አፌ ላይ አድርጌ በልቤ ስሰድባት ነበር። ከጂማ ድረስ መጥታ የእኛን እብድ ምን አድርጊ አሏት እያልኩ።

አባቦራን ታውቂው የለ፣ የናዚፍን አባት? አሁን በአጥር ነው የምንገናኘው። ናዚፍና ቲጃኒ በአንድ ቀን ነው ለውትድርና የተወሰዱት፤ አንድ ጦር ውስጥም ነበሩ። የናዚፍ ወሬ ከተቋረጠ ቆይቷል። ሽማግሌው ዱላውን ተደግፎ ተነሣና፣ እንግዲያው ይህ ልጅ ታማሚ ከሆነ እስካሁን ሳንጠይቀው የቀረነው ምን ሆነን ነው? አላህ ፊት ምን ልንል ነው? ብሎ ሲስተሯን ጠየቃት።  ሌላ አገር ቢሆን ተራ ጥያቄ ነው። እዚህ ግን የታመመ ጎረቤት ሳይጠይቁ መዋል ሰላት እንደ ማሳለፍ መሆኑን አንቺ አትረሺውም። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ አየሁና መምጣታቸው እንደማይቀር ገባኝ።

በማግሥቱ አባቦራ በጮጮ ወተት ይዞ መጣ። ከእሱ በኋላ መንደሩ በሙሉ። አንዱ ንፍሮ፣ አንዷ ቂጣ፣ ምንም ያጣው ደግሞ ወሬ ይዞ። ተራ እስከ ማውጣት ደረሱ። እኔ ወባ ይዞኝ ልሞት ስል እንኳ እንዲያ አልተጠየቅሁም። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሹት ሰዎች ምሰሶው ስር ከቲጃኒ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያጫውቱታል፤ ሲቀባጥር ሲስተሯ እንዳለችው አዎ አዎ ይሉታል። እሱም ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀባጥር መዋል ሆነበት። ሲወጡ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ሳቁ ያን ጊዜ ነው የቀረው።

ሌላውን እንኳ ችሎት ነበር። ያልቻለው አባቦራን ነው። ሽማግሌው ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ መጥቶ እስከ አስር ሰላት ይቀመጣል። እጁን ይዞ ይደባብሰዋል። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ናዚፍን የት ተለየኸው? ማሎ፣ እባክህ፣ አንዲት ቃል ብቻ ንገረኝ፣ ሳይህ እሱን ያየሁ ይመስለኛል ይለዋል። ቲጃኒ ጣሪያውን እያየ ይስቃል፣ ወይም እንደ በግ ይጮህለታል። ሽማግሌው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርግና የራሱን ወሬ ይቀጥላል።

ናዚፍ መሞቱን እኔ አውቅ ነበር። ቲጃኒ በመጣ ቀን ነግሮኛል፤ ሞቷል፣ ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ አለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። መርዶውን ለአባቱ ቢነግረው ደግሞ አለቀ፤ ቦታውንና ሁኔታውን ለይቶ መርዶ የሚናገር ሰው አብዷል የሚል ማን ነው? አባቦራ ቢደብቅለት እንኳ ለቅሶው አይደበቅም። ድንኳን ይጣላል፣ ማን አረዳችሁ ይባላል። ስለዚህ ልጁ የሞተበትን ሰው ወተት እየጠጣን ዝም አልን። አንድ ቀን አባቦራ ከወጣ በኋላ ቲጃኒ ቁልፉን ከምንጣፉ ስር አውጥቶ ሰጠኝ። አንቺ ያዢው አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ሰው እንዳያይበት ፈርቶ መሰለኝ።

ሲስተር ብርሃንነሽ ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄጄ ልየው ብላ መጣች። እኔን አስወጥታ ከእሱ ጋር ብዙ ተቀመጠች።  ስትወጣ ዓይን ዓይኔን አይታ፣ ለዛሬ መድኃኒት አልሰጠውም አለችኝ። አወቀችብን። ቀጥላ ግን ቀስ ብላ፣ ሰንሰለቱን ዛሬውኑ አውልቂለት፣ ይሄ ነገር ጤነኛውንም ያሳምማል አለች። ለሊቀመንበሩ ሕመሙ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ነው፣ አትንኩት ብላ ሄደች። የሰደብኳትን ሁሉ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰንሰለቱን ሙሐመድሳኒ ወስዶ ለትምህርት እንዲሆን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ አሁን ስብሰባ በሄድኩ ቁጥር የአባባን በቅሎ አስታውሳለሁ።

ሰንሰለቱ ከወለቀም በኋላ ቲጃኒ ከምሰሶው አልራቀም። እግሩን እንደ ታሰረ ዘርግቶ ይቀመጣል። ብቻችንን ስንሆንም ያው ነው። እኔ ጉድ! እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ለእኔ እንኳ አያቋርጥም እያልኩ ስደነቅ ነበር። እንዲህ ያልኩትን ሳስበው አሁን ፊቴን ብቧጭረው ደስ ይለኛል።

እንዲህ እንዳለ ያንቺ መልእክት ደረሰ። ከሊል ቡና ሊጭን ይመጣል፣ በጆንያዎቹ መካከል ቦታ ይተውለታል፣ እኔ ጋ ከደረሰ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ለእኔ ተዉት አልሽ። በደስታ ሳለቅስ ነው የነገርኩት። እሱ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ከሊል መጣ፤ መኪናው እኛ ጓሮ ደርሶ ጆንያው እየተጫነ ነው። የላክሽለትን ኮት አለበስኩት። ተነሥ አልኩት፣ አልተነሣም። ምሰሶውን አቀፈ። ማንም እኮ የለም፣ በሩ ተዘግቷል፣ ተው አሁን ይበቃል አልኩት። ለመንኩት። ከሊልም ለመነው። በመጨረሻ በጥፊ መታሁት፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነክቼው የማላውቀውን ልጅ።

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፣ ናዚፍ ውሃ ስጠኝ አለኝ፣ መጣሁ አልኩት አለ። ደግሞ፣ መጣሁ አልኩት። እየሮጥኩ መጣሁ አልኩት። ይህንኑ እየደጋገመ በእጁ መሬቱን ይዳስሳል፣ ጣሳ እንደሚፈልግ ሰው። እኔም እዚያው ጎኑ ተቀመጥኩ። ከሊል ያለቀስኩትን አይቷል፣ ይነግርሻል። መኪናው በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ልጅ ይዞ በየኬላው ማለፍ እንደማይችል እሱም እኔም ገባን። እዚሁ ሰርቦ ሌላ የሚጭነው ነበረውና ሰንብቶ ሲመለስ ደብዳቤ እንድሰጠው ተነጋገርን።

በሐሙሱ ቲጃኒን በእጁ ይዤ አዳራሹ ሄድኩ። እንደ ሌላው ሰው ወረፋ ያዝኩ። ሲስተሯ ብዙ አላናገረችኝም፤ መቼ እንደ ጀመረው ብቻ ጠየቀችኝ። የትኛውን ቀን ልበላት? ክኒን ሰጠችው። አንዳንዱ ይድናል፣ ጊዜ ይፈልጋል አለችኝ። ቢድን ወረቀት አምጣ የሚሉት ሰዎች እየጠበቁት እንደሆነ ታውቃለች፤ እኔ እስካለሁ ድረስ ገና ነው እላቸዋለሁ፣ ከዚህ ብዛወር ግን አላውቅም አለች። ሰው የወንድሙን መዳን እየለመነ መዳኑን ይፈራል? እኔ እንዲያ ሆኛለሁ፣ እህቴ።

አሁን ያ እያሾፍኩ የሰማሁት ትምህርት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። አልከራከረውም። ብቻውን አላስቀምጠውም። ሥራ ስጡት ብላለችና ቡና አቀርብለታለሁ፣ ጥሬውን ከቀዩ ይለያል፤ አንዳንድ ቀን በደንብ ይለያል፣ አንዳንድ ቀን መልሶ ይደባልቀዋል። ድሮ ምነው በቀሩ እያልኩ የተማረርኩባቸውን ጠያቂዎች ደጅ ወጥቼ የምጠብቅ እኔ ሆኛለሁ።

ትናንት አባቦራ እንደ ልማዱ መጣ። ወተቱን አስቀምጦ እጁን ያዘው። ቲጃኒ ቀና ብሎ አየውና፣ ናዚፍ ውሃ ስጠኝ አለኝ፣ መጣሁ አልኩት አለው። በር ላይ ነበርኩ። ሮጬ አፉን ልይዘው ፈለግሁ፣ ግን የበሩን መቃን ይዤ ቀረሁ። ሽማግሌው እጁን ደባበሰው። ከዚያ ተነሣና ራሱ ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀድቶ ቲጃኒ እጅ ላይ አስቀመጠለት። በል ስጠው፣ ኢልማ ኮ አለው። ቲጃኒ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። አልጠጣውም፣ አላፈሰሰውም። አባቦራም ለአስር ሰላት እስኪጠሩ ድረስ አብሮት ተቀመጠ።

እስከ አጥሩ ሸኘሁት። ጫማውን እያጠለቀ፣ ለድሬዳዋዋ እህትሽ ስትጽፊ ሰላም በይልኝ፣ ለናዚፍ ዱዓ ታድርግለት አለኝ። በሰላም እንዲመለስ ነው? አልኩት፤ እንዴት ከአፌ እንደ ወጣ እኔም አላውቅም። የለም፣ አላህ ይዘንለት ብላ ታድርግ አለኝ። ከዚያ ቲጃኒ ወተቱን ትኩሱን ይሻለዋል ወይስ እርጎውን ብሎ ጠየቀኝና ሄደ። እቤቱ ለቅሶ አልተሰማም። ድንኳንም አልተጣለም።

ዛሬም መጥቷል። ከሊል ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ ይህን ከቡናው ማድረቂያ አጠገብ ሆኜ እየጨረስኩ ነው፣ የአባቦራ ድምፅ ከውስጥ ይሰማኛል፤ ስለ ዘንድሮው ቡና ያጫውተዋል። ኮቱን አልመለስኩልሽም፤ ብርድ ሲሆን ይለብሰዋል፣ ሰፍቶታል እንጂ።

አደራ፣ ሽማግሌው ያለሽን ዱዓ አድርጊ፤ ለሰውም አትንገሪ። ለቲጃኒ ምን ብለሽ እንደምትለምኚለት አንቺ እወቂበት፣ እኔ ቃሉ ጠፍቶብኛል። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ከዓይንም ከግዳጅም ይሰውርልሽ። ዓይን ለዓይን የምንተያይበትን ቀን ያቅርብልን፤ ሦስታችንንም። አሚን።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ